ያደረ መርዶ

እንግዳው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ አሰፋሽ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ቀይ ቱሊፕ በወረቀት ተጠቅልሎ ይዟል። አበባ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን ያስፈራታል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው የፈለገውን ተናግሮ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን አበባው ውሃ እስኪያገኝ፣ ሻይ እስኪቀርብ፣ የልጅ ልጆች ደህንነት እስኪጠየቅ ድረስ ነገሩን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል፤ እስከዚያ የሰው ልብ ይፈርሳል።

«አባታችን፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ፣ ወደ ሳሎኑ ጎንበስ ብሎ።

ሐዋዝ ይባላል፤ ከኤምባሲው ነው የመጣው። ዓምደ ሚካኤል ከወንበሩ ሊነሳ ሲል አሰፋሽ ትከሻውን ጫን አደረገችው።

«አትነሳ። ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?»

«ሐኪሙ እንግዳ ሲመጣ አትነሳ አላለኝም።»

«እኔ ብያለሁ።»

ባሏ ዓምደ ሚካኤል የሕግ ሰው ነው። በወጣትነቱ ለትምህርት ስቶክሆልም መጥቶ ሕግ ተማረ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ለተከራዮች ሲሟገት ኖረ። ግድግዳው የሻገተበት የሪንከቢ ሰው፣ ማሞቂያው በክረምት የከዳው የቴንስታ ሰው፣ የከተማው ዳር ተከራይ ሁሉ «ያ ጥቁሩ ጠበቃ ጋ ሂድ» ይባባል ነበር። ግን የእናቱ ዘመዶች አገር ከረጅም ጦርነት በኋላ ራሷን ስትችል፣ «ሕገ መንግሥት የሚጽፉልን ሰዎች እንፈልጋለን» ብለው ጠሩት። አሰፋሽን ከልጆቻቸው ጋር እዚሁ ስቶክሆልም አጠገብ ሱንድቢበሪ፣ ይኼው ቤት ውስጥ ትቷት ሄደ። ሙቀቱ በሚያፍን የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ቬንቲላተር በሌለው አዳራሽ ተቀምጦ ከሌሎች ጋር አንዲት አገር በወረቀት ላይ አቆመ።

አገሪቱ በዚህ ቤት በስሟ አትጠራም። መጀመሪያ አሰፋሽ በቅናት «ያቺ ልጅህ» ብላ ጠራቻት፤ «ያቺ ልጅህ ዛሬ ምን አማራት?» ትለዋለች። ኋላ ዘመዶች በስልክ ስሟን መጥራት ሲፈሩ ስያሜው ለሁሉም ተስማማ።

ዓምደ ሚካኤል ብቻውን አልሄደም። እዚሁ ስቶክሆልም ሕግ ተምሮ ሥራ የያዘውን ታናሽ ወንድሙን ሊባኖስን ጎትቶ ወሰደው። «ሕጉን እኔ ብጽፈው የሚፈርድበት ከሌለ ምን ይረባል?» አለው። ሊባኖስ ዳኛ ሆነ። ዓምደ ሚካኤል ሥራው ሲያልቅ ተመለሰ፤ ሊባኖስ ቀረ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ሥልጣን የያዙት ሕጉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ሊባኖስ ግን በዚያው ሕግ፣ ክስ ሳይቀርብባቸው የታሰሩ ልጆችን «ፍቷቸው» ብሎ ፈረደ፤ በነጋታው እሱን ራሱን ወሰዱት። ወንድሙ ከጻፋቸው አንቀጾች አንዱ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ አይደር ይላል። ዳኛው ዳኛ ሳያይ ዓመታት አለፉ።

ዓምደ ሚካኤል ከዚያ ጀምሮ አፉን ዘጋ። ጋዜጠኞች ደወሉ፤ አልተናገረም። ስብሰባ ጠሩት፤ አልሄደም። «እዚህ አንድ ቃል ብተነፍስ እዚያ የሚመታው እሱ ነው» ይላል።

«ቅዳሜ የነፃነት በዓላችን ነው» አለ ሐዋዝ፣ ሻዩን እያማሰለ። «መሥራቾቻችን አልቀዋል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት። መድረኩ ላይ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል። ሁለት ቃል ይናገራሉ፤ "የጻፍነው ሕግ ሕያው ነው" ይበሉ፣ በቃ። መኪና ጠዋት ይመጣልዎታል።»

«ይህን ለማለት እዚህ ድረስ አልመጣህም» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«አልመጣሁም።» ሐዋዝ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በዕለቱ ማታ ወንድምዎ ሆስፒታል ይገባሉ። ድምፃቸውን በስልክ ይሰማሉ። ቃል ነው።»

ዓምደ ሚካኤል ከወንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ። «ደህና ነው?»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ሰላምታ ልከውልዎታል።»

አሰፋሽ ወጥ ቤት ቆማ ለአበባው ውሃ ትቀዳ ነበር። ውሃው ሞልቶ ክንዷ ላይ ፈሰሰ፤ ቧንቧውን መዝጋት ረሳች።

ሊባኖስ ሞቷል። ከሞተም ቆየ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ የፋናዬ የወንድም ልጅ ሊባኖስ የታሰረበት እስር ቤት ዘበኛ ነበር፤ ነፍሱን ይዞ ጠፍቶ፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ ቴንስታ አክስቱ ዘንድ ደረሰና በእጁ እንደቀበረው ነገራት። ፋናዬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ብርጭቆ በሚያጥቡበት ክፍል፣ አሰፋሽን ጥግ ይዛ ሹክ አለቻት። የዓምደ ሚካኤል ደረት ተከፍቶ የተሰፋው በዚያው ሳምንት ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ አይወረወርም። «ቁስሉ ይድረቅ» ተባለ። ከዚያ «ክረምቱ ይለፍ»። ከዚያ «የልጅ ልጁ ፈተና ይለፍና»። እንዲህ እየተባለ መርዶው አሰፋሽ ሆድ ውስጥ አደረ፤ አድሮም ከረመ።

ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። እሑድ እሑድ ዓምደ ሚካኤል ተነሥቶ «ለታሰረው ወንድሜ ጸልዩልኝ» ሲል ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ወንድም ደጀኔ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ «ጌታ ሆይ፣ የሆነውን ሁሉ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ይጸልያል። «አሜን» ይላል ዓምደ ሚካኤል፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ።

ሐዋዝ ሲወጣ ዓምደ ሚካኤል በር ድረስ ሸኘው። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ሱፌን አውጪልኝ» አላት። «ጥቁሩን ሳይሆን ሰማያዊውን። ጥቁሩ የለቅሶ ይመስላል።»

በማግሥቱ የልጅ ልጃቸው ሩታ መጣች። እሷም ሕግ ትማራለች፤ አያቷን እያየች ነው የገባችበት። አማርኛውን ትሰማለች፤ ስትናደድ ግን ምላሷ ወደ ስዊድንኛ ይሮጣል። ሰማያዊው ሱፍ ተተኩሶ በር ላይ ተሰቅሎ ስታየው ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ኔይ፣ ሞርፋር። ኔይ! እዚያ መድረክ ላይ?» አለች፤ «አይሆንም፣ አያቴ» ማለቷ ነው።

«አንቺ፣ በአማርኛ ጩኺ» አለ ዓምደ ሚካኤል። «የምትጮኺብኝ ነገር ይግባኝ።»

«እሺ፣ በአማርኛ። እነሱ ሕግህን ቀበሩት። አንተ ሄደህ ሕያው ነው ልትል ነው? ከዚያ በኋላ ማን ያምንሃል?»

«ማንም አይመነኝ። ወንድሜ ሐኪም ይየው።»

«ቢዋሹህስ?»

«ቢዋሹኝ እኔ ተዋሸሁ። ባልሄድና እውነት ቢሆንስ? ያንን ይዤ እንዴት ነው የምሞተው?»

ሩታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ በዚያን ቀን ውጭ ነኝ» አለች። «ከሚቃወሙት ጋር። አንተ በመኪና ስትገባ እዚያ ቆሜ ታየኛለህ።»

«ቆብ አድርጊ» አላት። «ይነፍሳል።»

አሰፋሽ ጣልቃ ገባች። «ቆብ ምን ያደርግላታል? ባለፈው ዓመት ድንጋይ ተወራውረዋል እኮ! አንዱ ልጅ ግንባሩ ተፈንክቶ አልነበር? ሩቲዬ፣ አትሄጂም። አንተም አትሄድም። ሁላችሁም ቤታችሁ ተቀመጡ!»

«ሞርሞር፣ አንቺ ሁሌ ትፈሪያለሽ» አለቻት ሩታ ሴት አያቷን። በሩን ዘግታ ወጣች፤ የተሰቀለው ሱፍ በንፋሱ ተወዛወዘ።

እውነቷን ነው፤ ትፈራለች። ብትነግረው ያ የተሰፋ ልብ እጇ ላይ ቀጥ ይላል። ባትነግረው ለሞተ ሰው ብሎ ስሙን በሕዝብ ፊት ይሸጣል፤ ማታ ስልኩ ሥር ቁጭ ብሎ የማይመጣ ድምፅ ይጠብቃል። ከስሙ ሌላ ምን አለው? ቤቱ የኪራይ ነው። ያቺ ልጁ ከድታዋለች።

ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። እሱ እንዳይሰማት ወደ ምድር ቤቱ ትቬትስቱጋ፣ ወደ ጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርዳ፣ ማሽኑ እየጮኸ ነው ያወራችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት ነርሷን። «ልቡ የታመመ ሰው፣ ወንድሙ መሞቱን ቢሰማ ምን ይሆናል?»

«አዝናለሁ። መቼ ነው ያረፉት?»

«ቆይቷል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው።»

«እና ባለቤትሽ እስካሁን አያውቁም?»

«አልተነገረውም።»

«ለምን?»

በየትኛው ስዊድንኛ ታስረዳት? መርዶ ቀን እንዳለው፣ የሚያረዳ ሰው እንዳለው፣ ሚስት ለባሏ እንዲያው ሾርባ እያቀረበች የማትነግረው ነገር እንደሆነ? «ቀኑ አልደረሰም ነበር» አለች። ነርሷ ቀስ ብላ፣ ሰው አብሯቸው ይሁን፣ ኪኒናቸውን ይውሰዱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው አምቡላንስ ጥሪ አለቻት። አሰፋሽ ከሁሉም «ሰው አብሯቸው ይሁን» የሚለውን ያዘች። እሱማ የእኛው ወግ ነው አለች በልቧ። እዚያው ቆማ ለደጀኔ ደወለች።

«አረዱልኝ» አለችው።

«በዓሉ ይለፍና ብንል...»

«በቃ! "ይለፍና" እያልን ነው እዚህ የደረስነው። መኪናው ሳይመጣ ቅደሙልኝ።»

«እሺ። ጎህ ሳይቀድ እንመጣለን።»

«ደጀኔ፣ በግንቦት እዚህ አገር ጎህ መች ይጠፋና ነው የሚቀደው? ፀሐይ እኮ አትተኛም። የመጀመሪያውን ባቡር ያዙ።»

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ባቡር ይዘው መጡ። አሰፋሽ መስኮት ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ባዶ መንገድ ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች፣ ደጀኔ ከፊት፣ ፋናዬ ከኋላ፣ ከፋናዬ ጎን ሩታ ቆብ አድርጋ። ደጀኔ ጠርቷት ባቡሩ ውስጥ ነግረዋታል፤ ዓይኗ አብጧል። ደረጃውን ሲወጡ ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ በጣቶቻቸው ጫፍ ይረግጣሉ።

ዓምደ ሚካኤል ተነሥቶ ነበር። በፒጃማው ሆኖ መስተዋት ፊት ከረባት ይመርጣል። ደወል ሲሰማ፣ «መኪናው ነው? ምነው ቸኮሉ!» እያለ ከረባቶቹን በክንዱ አንጠልጥሎ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሰዎቹን አየ። የነጠላቸው ጥለት ወደ አንገት ወጥቷል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ቃል አያስፈልገውም። ከረባቶቹ አንድ በአንድ ከክንዱ ወረዱ።

«ማነው?» አለ።

ደጀኔ ቀረብ አለ። «ጋሼ፣ ጌታ ሰጠ፣ ጌታ...»

«ማነው አልኩህ?»

«ሊባኖስ።»

አሰፋሽ ክንዱን ያዘች። የደገፈችው መስላ ጣቶቿን የልብ ትርታው ላይ አሳረፈች፤ እንደ ተባረረ ወፍ ይመታል። ዓምደ ሚካኤል ግን አልጮኸም። ጀርባው ቀጥ አለ፤ ድምፁ ፍርድ ቤት የሚቆምበት ጊዜ ድምፅ ሆነ።

«ምስክር አላችሁ?»

«ጋሼ፣ መርዶ እኮ...»

«ሐዋዝ ደህና ነው ብሎኛል፤ እናንተ ሞቷል ትሉኛላችሁ። ሁለታችሁም አላያችሁትም። ያየው ማነው?»

ፋናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። «የወንድሜ ልጅ» አለች። «ዘብ ነበር። በእጁ ነው የ... በእጁ ነው አፈር ያለበሰው።»

«ሊባኖስ መሆኑን በምን አወቀ? እዚያ እስረኛ በስሙ አይጠራም።»

«ስሙንማ አያውቅም ነበር፤ ዳኛ የነበረ መሆኑን ብቻ ነው የሰማው። "ጠያቂው" ነበር የሚሉት። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት ተነሥቶ ይቆምና፣ በትሕትና፣ "ዛሬ ዳኛ ፊት ታቀርበኛለህ? ካላቀረብከኝም ምክንያቱን ንገረኝ" ይለዋል። ክረምት ከበጋ። ታሞ መቆም ሲያቅተው ተኝቶ ይጠይቅ ነበር።»

ዓምደ ሚካኤል ግድግዳውን ያዘ።

«ምክንያቱን ንገረኝ» አለ፣ ለራሱ።

ማንም አልገባውም፤ ከአሰፋሽ በቀር። ያን ጊዜ፣ ሕጉ ሲረቀቅ፣ ሊባኖስ «የማይቀርብ ከሆነ ምክንያቱ ለእስረኛው ይነገረው» የሚል ይጨመር ብሎ ወንድሙን ሙጭጭ ብሎ ይዞት ነበር። ዓምደ ሚካኤል «ቀዳዳ ትከፍትላቸዋለህ፤ የማይቀርብ የለም!» ብሎ ሰረዘው። ሁለቱ በዚህ ተኳርፈው፣ በስልክ አሰፋሽ ነበረች ያስታረቀቻቸው። ያ ቃል የትም አልታተመም።

«እሱ ነው» አለ ዓምደ ሚካኤል። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋ አፍ ተከፈተ፤ ታላቅ ወንድም ለታናሹ የሚያለቅሰው ለቅሶ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። ከላይ ቤት ጎረቤት ሁለት ጊዜ ቧንቧውን መታ፤ ሦስተኛ አልመታም።

ሲረጋጋ፣ ቀና ሳይል፣ «ከመቼ ወዲህ?» አለ።

ደጀኔ ወደ አሰፋሽ አየ። ሁሉም ወደ አሰፋሽ አየ።

«ደረትህ በተሰፋ ሳምንት ሰማሁ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ደወሉ ጮኸ።

ሩታ ናት የከፈተችው። ሐዋዝ ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የበዓል ባጅ ሰክቶ፣ ደረጃው ላይ የተደረደረውን ጫማ እያየ ቆሟል። ወደ ኋላ አንድ እግሩን አነሣ።

«ይግባ» አለ ዓምደ ሚካኤል ከወለሉ።

ገባ። ነጠላዎቹን አየ፤ ባዶውን ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠውን ሽማግሌ አየ።

«ወንድሜን መቼ ነው ያየኸው?»

«እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም፣ አባታችን። የታመነ ሰው...»

«ሰላም ብሎሃል ብለኸኛል። ለማን ነው የተናገረው?»

«ለ... ከበላይ ነው የተነገረኝ።»

«ጉልበቱን ያመዋል ብለኸኛል። የትኛውን?»

ሐዋዝ አንገቱን ደፋ። አሰፋሽ የባሏን ቀለም ታያለች፤ የሩታን የተጨበጠ እጅ ታያለች፤ አሁን አንዱ አንዱን ይመታል ብላ ትሰጋለች። ያኔ ፋናዬ፣ ማንነቱን ትታ፣ እናት እንደምትለው አድርጋ፣ «አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ቆሞ አይዋልም፤ ተቀመጥ» አለችው።

ሐዋዝም የሰው ልጅ ነው፤ እሱንም እናት አሳድጋዋለች። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ ሳያስበው ወጣ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

ከተናገረው በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰማችሁ?» አለ ዓምደ ሚካኤል ዙሪያውን እያየ። «መንግሥት ስለ ወንድሜ አጽናናኝ። ለሕያው ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ አይባልም።» ወደ ሐዋዝ ዞረ። «አንተን አልቆጣህም። ለላኩህ ንገራቸው፤ ምክንያቱን ይንገሩኝ። የተቀበረበትንም ያሳዩኝ። እስኪነግሩኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት እጠይቃለሁ።»

ሐዋዝ ባጁን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሄደ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

አዳራሹ ውስጥ ያ የፊት ወንበር ባዶ ሆኖ ሲታይ ወሬው በስልክ ዞረ። ሽማግሌው የወንድሙን ሞት ተረድቶ ሳለ ሌላው በዓል ላይ እንዴት ይበላል? ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ ከውጭ ሲቃወሙ የዋሉትም መጡ። ጠዋት አጥር ለአጥር የተሰዳደቡት ሱንድቢበሪ ደረጃ ላይ ጫማቸውን ጎን ለጎን አወለቁ። ዓምደ ሚካኤል ለሚገባው ሁሉ፣ ሳይደብቅ፣ ሊባኖስ ማን እንደነበረና በየትኛው አንቀጽ እንደሞተ ነገረ። ሩታንም ከደወሉለት ጋዜጠኞች አንዷን ሰኞ እንድትጠራለት አዘዛት።

አሰፋሽ ይህን ስትሰማ አዲስ ፍርሃት ያዛት። ከእንግዲህ የበሩ ቁልፍ ይለወጥ፣ በምሽት ብቻውን አይውጣ፣ የማይታወቅ ስልክ አይነሣ። ይህን እያሰበች ኪኒኑንና ውሃውን ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ሰዓቱ አልፏል።»

አላያትም። «ስንት እሑድ ነው አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አሜን ያልሽው?»

«አሜን ብዬ አላውቅም» አለች። «አንተ ነህ ያልከው። እኔ ዝም ነበር የምለው።»

አሁን አያት፤ ትኩር ብሎ።

«የአንቺ ጉዳይ አልተዘጋም፣ አሰፋሽ።»

«አይዘጋ። ተቆጣኝ፤ ነገም ተቆጣኝ። ብቻ ይህቺን ዋጥ።»

ብርጭቆውን ከእጇ አልተቀበለም። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችለት። ቆይቶ አነሣው፤ ዋጠ። ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ አሰፋሽ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት በቀዳዳው አጮልቃ ማን እንደሆነ አየች።